ከመንደሩ እስከ ግንቡ

ሬሳው የተገኘው ከብረቱ ደረጃ ሥር፣ ጓሮው ሲሚንቶ ላይ ነው። አንዱ ጫማ እግሩ ላይ ነበር፤ ሌላው ደረጃው መሀል ቀርቷል። አንገቱ ላይ የጆሮ ማዳመጫ ተንጠልጥሏል። መርማሪው ጎንበስ ብሎ ፊቱን አየ፣ እጆቹን አየ፣ ማዳመጫውንም አየ። ከዚያ ቀና ብሎ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ያለውን የብረት በር ተመለከተ።

«ራሱን ነው የጣለው፤» አለ ሃምሳ አለቃው። «ሥራቸው ሊዘጋ ነው አሉ። ተስፋ ቆርጦ ይሆናላ።»

መርማሪው ወደ ደረጃው አመራ። ባልደረቦቹ «እግረኛው» ነው የሚሉት። ምስክር «በዚህ ወጥቼ በዚያ ገባሁ» ካለው፣ ያንኑ መንገድ ራሱ ሳይሄድበት አያምንም። ጡረታው ደርሶ፣ ጉልበቱ እያቃሰተም ይሄዳል። አሁንም የብረቱን ደረጃ እያረፈ ወጣውና በሩን ገፋ። አልተከፈተም። ወርዶ በፊት በር ዞሮ ገባ።

ከበሩ ወዲያ አንዲት ሴት እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቆማለች። የመሥሪያ ቤቱ ባለቤት ናት።

«ይህን በር የዘጋው ማነው?» አላት።

«እንጃ። ጥበቃው ከታች ሲጮህ በዚህ ልወርድ ሮጥኩ፤ ተቀርቅሮ አገኘሁት። መቀርቀሪያው እምቢ አለኝ። በፊት በር ዞርኩ።»

«ከውጭ ይቀረቀራል?»

«ኧረ ከውስጥ ብቻ ነው።»

መርማሪው ወደ ሃምሳ አለቃው ዞረ። «ራሱን ሊጥል ለወጣ ሰው፣ ከኋላው በሩን የሚቀረቅርለት ማነው?»

ሃምሳ አለቃው ቆቡን አወለቀና መልሶ አደረገው። ከዚያ ለበሩ በጣም የሚቀርበውን ክፍል በአገጩ አሳየ። «እንግዲያው ያ ነዋ። እዚያ የሚሠራው ታናሽ ወንድሙ። ተኳርፈው ነበር አሉ።»

ኮሪደሩ ውስጥ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ፣ የሟቹ እናት ተቀምጠዋል። ነጠላ ጫማ እንዳደረጉ ነው ከቤት የወጡት። መርማሪው ሊያልፍ ሲል ኮቱን ያዙት።

«ጌታዬ፣ ትንሹን ወዴት ነው የሚወስዱት?»

«ለጥያቄ ነው፣ እህቴ።»

«ሁለት ነው የወለድኩት። ሁለት ብቻ። አንዱን አፈር ልታለብሱት ነው። ሌላውን እንኳ ተዉልኝ።»

መርማሪው ኮቱን ቀስ ብሎ አስለቀቀ።

መሥሪያ ቤቱ አራት ክፍል ነው። ሌሎች ኩባንያዎች ለዊንዶውስ ብቻ የሠሯቸውን የኮምፒውተር ጨዋታዎች በውል እየተቀበለ፣ ሊኑክስ በሚባለው ሌላ ሥርዓት በሚሠሩ ኮምፒውተሮች ላይ እንዲሄዱ አድርጎ ያሻግራል። ከዚያ ኢንተርኔት ላይ ባለ የጨዋታ መደብር ይሸጣቸዋል። ሟቹ ዋናው ሠራተኛ ስለነበር ስሙ ቀርቶ «አሻጋሪው» ይሉታል። ታናሽ ወንድሙ ድምፅ ይሠራል። አንድ ሞካሪ አለ፤ ያለቀውን ጨዋታ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እየተጫወተ እንከን የሚፈልግ። ሌላ ሰው የለም።

«ያለፈው ጨዋታችን መሀል ላይ እየቆመ አስቸገረ፤» አለች ባለቤቷ። «ገዢው ሁሉ መለሰው። መደብሩ ‹ከደገማችሁ ቦታችሁን እንዘጋለን› አለን። የዛሬው የመጨረሻ ዕድላችን ነበር። አመሻሽ ላይ ሊወጣ ነው።»

«አሻጋሪው ይውጣ አለ?»

ዓይኗን ሰበረች። «ትናንት ‹ጥቂት ቀን ስጪኝ፣ እኔው ልጫወተው› አለኝ። ሞካሪው ጨርሻለሁ ብሏል፣ አንተን ምን ያንቀጠቅጥሃል ብዬ ጮህኩበት። የመጨረሻ ንግግራችን ያ ሆነ።»

«ከዚያስ? ጨዋታውን ነካካው?»

«አይችልም። መደብር ሊወጣ አንድ ቀን ሲቀረው እናሽገዋለን። ልማዳችን ነው። የእኔና የእሱ የይለፍ ቃል አንድ ላይ ካልገባ ማንም እጁን አያስገባበትም። ትናንት አሽገነዋል።»

«ዛሬ ጠዋት እርስዎ የት ነበሩ?»

«እዚህችው መስታወት ክፍል፣ ከመደብሩ ሰዎች ጋር በቪዲዮ። ይጠይቋቸው።»

ሃምሳ አለቃው ደውሎ ጠየቃቸው። ጥበቃው እስኪጮህ ከፊታቸው እንዳልተነሳች ነገሩት።

ታናሽ ወንድሙ ድምፅ ክፍሉ ውስጥ፣ ፖሊስ አጠገቡ ቆሞ፣ መሬት መሬት ያያል።

«በሩ እዚህ አፍንጫህ ሥር ነው። ሲከፈት አልሰማህም?»

«ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ ነበር፣ ጋሼ።»

«ሲጮህስ?»

«አልሰማሁም አልኩዎት እኮ! ብሰማ ዝም እል ነበር?»

«በምን ተኳረፋችሁ?»

«ጥሩ ሥራ አስትቶኝ ነው እዚህ ያመጣኝ። ይህ ይለቅና እሄዳለሁ አልኩት። ‹ሂድ፣ ማን ያዘህ› አለኝ። ከዚያ ወዲያ እንደ ጎረቤት ነው ሰላም የምንባባለው።» አፍንጫውን በእጅጌው ጠረገ። «ጨዋታው ውስጥ ያለው የወንዝ ድምፅ ሊኑክስ ላይ አልሠራ ሲል ወንዝ ወርጄ፣ ውኃ ውስጥ ቆሜ እንደገና ቀዳሁት። ሁሉም ሰሙት። እሱ ብቻ አንድ ቀን ‹እስቲ ልስማው› አላለኝም።»

«የሚመሰክርልህ አለ?»

«ማንም።»

ሞካሪው ግን ምስክር ሞልቶታል። «ፈጣኑ» ይባላል፤ ሌላው ወር የሚፈጅበትን ጨዋታ እሱ በቀናት ይጨርሳል። ከሊኑክሱ ኮምፒውተር ፊት ወንበሩን ወደ ኋላ ለጥጦ ተቀምጧል። ስክሪኑ ላይ ጋሻ የያዘ ሰውዬ አንድ ግንብ ሥር ቆሟል።

«እኔን እንኳ ይተዉኝ፣ ጋሼ። ምስክሬ ይኸው ቆሟል። ጥበቃው ሲጮህ አለቃ እዚህ ብቅ ብላ አይታዋለች።»

«ይህ ሰውዬ ጠዋት የት ነበር?»

«መንደሩ ውስጥ። ከመጀመሪያው ነዋ የጀመርኩት። በወፍጮው በኩል ወጣሁ፣ ጫካውን አቋረጥኩ፣ ድልድዩን ተሻገርኩ፣ ዳገቱን ወጥቼ ግንቡ ሥር። ካልተቀመጡበት እዚህ አይደረስም።»

«ስንት ይፈጃል?»

«ለእኔ ከጠዋት እስከ ምሳ። ለእርስዎ እስከ ጡረታ።»

«ጡረታዬማ ደርሷል። መንገድ ላይ አላስቸገረህም?»

«እንደ ውኃ ነው የፈሰሰው! አሻጋሪው፣ ነፍሱን ይማረውና፣ እጁ ወርቅ ነበር።»

መርማሪው ተመልሶ ባለቤቷን አንድ ነገር ጠየቃት። «ይህ ጨዋታ ካቆሙበት ይቀጥላል?»

«አዎ፣ መደብሩ ያስቀምጥልዎታል። ቤትዎ ያቆሙትን እዚህ ይቀጥሉታል። ዊንዶውስ ይሁን ሊኑክስ ግድ የለውም። ፈጣኑም ቤቱ ባለው ዊንዶውስ ሲጫወት ነው የሚያመሸው፤ አይጠግብም።»

መርማሪው ራሱን ነቀነቀና ታናሽ ወንድሙን ወደ አሻጋሪው ክፍል አስጠራው። ሟቹ የተወው ሹራብ ወንበሩ ላይ ነበር። መርማሪው ሹራቡን አነሳና ተቀመጠ።

«ከመንደሩ አስጀምረኝ።»

«ጌታዬ፣» አለ ሃምሳ አለቃው፣ «ሰው ሞቶ እርስዎ ጨዋታ?»

«ምስክሩ በዚህ መጣሁ ብሏል። ልሄድበት ነው።»

ሰውዬውን መጀመሪያ ከወፍጮው ግድግዳ ጋር አላተመው። ቀጥሎ ጉድጓድ ከተተው። በር የሚጠብቀው ፖሊስ ሳቁን በሳል ሸፈነ። ታናሽ ወንድሙ እንባው እየወረደ ይመራዋል። «ግራ፣ ጋሼ። ግራ! እሱ ዛፍ ነው። ይለፉት።» በመስኮቱ የሚገባው ፀሐይ ከጠረጴዛው ወደ ወለሉ ወረደ። በኮሪደሩ የእናቲቱ ነጠላ ጫማ ወዲያ ወዲህ ሲል ይሰማል።

ድልድዩ ጋ ደረሱ። ከዚያ ሁለቱም ወደ ስክሪኑ ተጠጉ።

«እንደገና፤» አለ መርማሪው።

እንደገና ሄዱ። ደግመው ደጋግመው ሄዱ። ሌላ የሊኑክስ ኮምፒውተር ላይም ሞከሩ። በመጨረሻ መርማሪው ጉልበቱን ይዞ ተነሳ። «ሁሉንም ሞካሪው ክፍል ሰብስቡልኝ፤» አለ።

ባለቤቷ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ታናሽ ወንድሙ ከፖሊሱ አጠገብ ነው። በሩን ክፍት ተዉት፤ እናቲቱ ከአግዳሚው ላይ ሊያዩ አንገታቸውን አስግገዋል።

«ፈጣኑ፣» አለ መርማሪው፣ «እኔ ከመንደሩ ያመጣሁትን ሰውዬ ጫካው ዳር አቁሜልሃለሁ። እስቲ ድልድዩን አሻግርልኝ።»

«አሁን? ደክሞኛል፣ ጋሼ። ደግሞ ሰው ሞቶብን...»

«ጠዋት እንደ ውኃ ፈሷል ብለሃል።»

ፈጣኑ ሳቅ ብሎ መቆጣጠሪያውን አነሳ። ሰውዬው ከጫካው ወጣ። የወንዙ ድምፅ እየቀረበ መጣ። የድልድዩን የመጀመሪያ ሳንቃ ረገጠ።

ስክሪኑ ደረቀ። ሰውዬው አንድ እግሩን እንዳነሳ ቀረ። የወንዙ ድምፅ ብቻ አንዲቷን ጉርምርምታ እየደጋገመ ቀጠለ።

ፈጣኑ ቁልፉን ተጫነ፣ ደግሞ ተጫነ። «ይህ... አንዳንዴ ነው።»

«ሁልጊዜ ነው። ሊኑክስ ላይ ማንም ይህን ድልድይ ተሻግሮ አያውቅም። ጨዋታው ትናንት ታሽጓል፤ ስለዚህ ጠዋትም እንዲሁ ነበር። ታዲያ ሰውዬህ ግንቡ ሥር በየት ደረሰ?»

ፈጣኑ መቆጣጠሪያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ቤትህ ደረሰ፤» አለ መርማሪው። «ዊንዶውስ ላይ። እዚያ ድልድዩ ደህና ነው። መደብሩ ያቆምክበትን ጠብቆልሃል፤ እዚህ መጥተህ ከፈትከው፣ ግንቡ ሥር ቆመ። ለዚያ ሻይ የሚፈላበት ጊዜ አይበቃም? ጠዋቱን እዚህ አልተቀመጥክም ማለት ነው።»

ባለቤቷ ከግድግዳው ተላቀቀች። «ጨርሻለሁ ያልከኝስ? ሳምንታት ሙሉ ሊኑክሱን ሞከርኩ ያልከኝ?»

«አንድ ቀን አልሞከረውም፤» አለ መርማሪው። «ጨዋታው እዚህ ብዙ ጊዜ ይጎተታል፣ ይቆማል። ቤቱ ይጣፍጣል። ቤቱ እየተጫወተ ‹አልቋል› ይልዎት ነበር። አሻጋሪው ትናንት ጠረጠረ። እጁን ማስገባት አይችልም፣ መጫወት ግን ይችላል። የእሱን ኮምፒውተር አይቻለሁ፤ እሱ ያቆመው ድልድዩ አፋፍ ላይ ነው። እየተመለሰ ሞክሯል። ከዚያ ማዳመጫውን እንኳ ሳያወልቅ መጥቶ ጠራህ። በሰው ፊት ላያዋርድህ ወደ ብረቱ ደረጃ አወጣህ። እንዳልሞከርከው ነገረህ። የት ላይ እንደሚቆም ግን አልነገረህም።»

«የት እንደሆነ ቢነግረኝማ...» አለ ፈጣኑ፤ አፉን ዘጋ። ግን ዘግይቶ ነበር።

ክፍሉ ውስጥ ወንዙ ብቻ ይጉረመረማል።

«ለአለቃ እነግራታለሁ አለኝ፤» አለ ቀስ ብሎ። «ከዚህ ከተባረርኩ ማን ይቀጥረኛል? ለመንኩት። እጁን ያዝኩት። ‹ልቀቀኝ› ሲል ገፋሁት። ልጥለው አልነበረም። ከዚያ ገብቼ በሩን ቀረቀርኩት።»

«ለምን ቀረቀርከው?»

«ተነስቶ የሚመጣ መሰለኝ።»

ሃምሳ አለቃው ክንዱን ይዞ አወጣው። ባለቤቷ ስልኳን አነሳች፤ መደብሩን ነው የደወለችው። «አይወጣም፤» አለች። «አይ፣ ነገም አይወጣም። ዝጉት።» ከዚያ ፈጣኑ የተነሳበት ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ ሌላ የሚሠራ ሥራ አልነበራትም።

ታናሽ ወንድሙ ከስክሪኑ ፊት አልተንቀሳቀሰም። «ጋሼ፣ ማዳመጫው አንገቱ ላይ ነበር አሉኝ?»

«ነበር።»

«ድልድዩ ጋም ደርሷል።»

«ደጋግሞ።»

«እንግዲያው ሰምቶታል፤» አለ ልጁ። ቁልፎቹን እየነካካ ድምፁን ሊያጠፋ ሞከረ፤ እምቢ አለው። «እንዲህ ሲደርቅ የሚያላቅቀው እሱ ነበር።»

መርማሪው ክንዱን ይዞ ወደ ኮሪደሩ አወጣው። እናቲቱ ተነሱ። ልጃቸውን ጨብጠው ራሱን፣ ትከሻውን፣ እጁን ዳሰሱ፤ የጎደለ አካል ያለ ይመስል።

«አንዱን አመጣሁልዎት፣ እህቴ፤» አለ መርማሪው።

እናቲቱ ልጁን እንደያዙ፣ በትከሻው ላይ አሻግረው፣ ወንዙ የሚሰማበትን ክፍት በር ያዩ ነበር። መርማሪው ሊዘጋው እጁን ዘረጋ።

«ተወው፣» አሉት፣ «አትዝጋው።»