ዓሣ የጠራው አተላ

ተንሳፋፊዋ አንድ ጊዜ ነቅነቅ አለችና ቆመች።

«ሳቢው!» አለች ሣራ በሹክሹክታ።

«ቆዪ፣ ገና ነው። እየቀመሰው ነው።»

ሰገነት ዓይኗን ከውሃው ላይ አልነቀለችም። ከደረቀ እንሰት የቆረጠቻት፣ ጣት የምታህል ተንሳፋፊ እንደገና ተንቀጠቀጠች፤ ወደ ጎን ትንሽ ሄደችና ጥልቅ አለች። ሰገነት የቀርከሃ ዘንጓን ቀና ስታደርግ የቃጫው ክር ተወጠረ፤ መዳፍ የሚያክል ቆሮሶ ዓሣ ጅራቱን እያራገበ ሣሩ ላይ ዘጭ አለ። ማዶ የተደረደሩት ወንዶች ልጆች አንገታቸውን አሰገጉ። የእነሱ ቅርጫት ከጠዋት ጀምሮ ባዶውን ነው።

«አሁንስ በዛ!» ብሎ ጮኸ አንጁሎ ከማዶ። «ዓሣዎቹ ዘመዶችሽ ናቸው እንዴ?»

«አንተ ስትለፈልፍ እኮ ነው የሚሸሹህ» አለችው የሰገነት ጓደኛ ሣራ።

ከሶዶ ወደ ጉኑኖ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለው ይህ ኩሬ፣ ከብት እንዲጠጣበት ተብሎ በአቶ ዳልጮ መሬት ላይ በደቦ የተቆፈረ ነው። አቶ ዳልጮ አንድ ክረምት ከአባያ ሐይቅ በሚመለስ የጭነት መኪና ላይ በርሜል ሙሉ ዓሣ ከነነፍሱ አምጥቶ ሲጨምርበት፣ አገሩ ሁሉ ስቆበት ነበር። «ዳልጮ ዓሣ እንደ በግ ሊያረባ ነው» ተባለ። ዓሣው ሲራባ ግን የሳቁት ሰዎች ልጆች ዘንግ ይዘው መጡ። እሱም አልከለከለም። ሕጉ አንድ ብቻ ነው፤ በመንጠቆ ይጠመዳል። መረብ አይገባም፤ የብርብራ ስሙም አይነሣም።

ብርብራን የማያውቅ የለም። ፍሬው ተወቅጦ ውሃ ላይ ሲነሰነስ ዓሣው ሰክሮ ሆዱን ወደ ላይ ገልብጦ ይንሳፈፋል፤ ትልቅ ትንሹን በእጅ መልቀም ነው። አንድ ጊዜ አንድ ሰነፍ ይህን አድርጎ የኩሬው ዓሣ ግማሹ አለቀና፣ አቶ ዳልጮ ዙሪያውን በእሾህ አጥሮ ዓመት ሙሉ ልጅ የሚባል አላስደረሰም። ዓመቱ ለልጆቹ እንዴት ረጅም እንደነበር አይወራ።

ሰገነት የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ናት። «ለምን?» ማለት ስለምታበዛ የሳይንስ አስተማሪዋ እጇን ስታወጣ ሰዓታቸውን ያያሉ። ታዲያ አንድ ቅዳሜ ጎረቤታቸው እትዬ የማርያምወርቅ የጠላ ጋናቸውን ኩሬው ዳር ሲያጥቡ አየች። ከጋኑ የተደፋው እጣቢ የነካው ውሃ በትናንሽ አፎች ይፈላ ጀመር። ትል ይዛ፣ ቆጮ አድበልብላ፣ ስኳር ድንች ቀቅላ ስትለማመጣቸው የሚኮሩባት ዓሣዎች እዚያች ቦታ ላይ ይጋፋሉ። ለምን እዚያ ብቻ? ጥያቄው ሌሊት እንቅልፍ ነሣት።

ሰኞ ቅል ይዛ እትዬ የማርያምወርቅ ጓሮ ሄደች። ሴትዮዋ የመጣችበትን ሲሰሙ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

«የወንጌላዊ ኤርካሎ ልጅ አተላ ልትለምነኝ መጣች! ዓለም ሊያልፍ ነው እንጂ!»

«ለዓሣ ነው እትዬ።»

«አዎ፣ ሁሉም ለሌላ ሰው ነው የሚለው» አሉና ቅሉን ሞሉላት።

ሰገነት አተላውን ከፉርሽካና ከጭቃ ጋር ለውሳ እንደ ሎሚ አድበለበለችው። እንክብሉ ውሃው ሥር ወርዶ ሲፈርስ ሽታው ይጠራቸዋል፤ በመሐላቸው ትል የያዘውን መንጠቆ ማውረድ ብቻ ነው። ሥራው ይኸው ነው። ከዚያ ወዲህ ማልዳ፣ ሣራ እንኳ ሳትመጣ፣ በእንሰቱ ጓሮ ተሹለክልካ እየመጣች እንክብሎቿን ትጥላለች፤ እጇንም ሽታው እስኪለቅ በሎሚ ታሸዋለች።

የምትደበቀው አባቷን ፈርታ ነው። ወንጌላዊ ኤርካሎ ምእመናኑን ከጠላ ብቻ ሳይሆን ከአተላም ከልክለዋል። «አተላ ሊያመጣ የሄደ እግር ጠላ ቀምሶ ይመለሳል» ይላሉ። አቶ ባዳቾ የሚባሉ ምእመን ለከሲታ ላማቸው አንድ ባልዲ አተላ ወስደው ተገኝተው፣ ጉባኤው ፊት ቆመው ይቅርታ ጠይቀዋል። ያን ዕለት ሰገነት የፊተኛው አግዳሚ ላይ ነበረች። ባዳቾን የሚያህል ሰው ባርኔጣውን እንደ እርጥብ ጨርቅ ሲጠመዝዝ አይታለች፤ አባቷም ፊታቸው እንዳልተፈታ አይታለች። ለላም ያልተፈቀደ ለዓሣ ሊፈቀድ ነው?

የዛሬው የአንጁሎ ጩኸት ሥራውን ሳይሠራ አልቀረም። ከሰዓት በኋላ አቶ ዳልጮ በዱላው እየተመረኮዘ መጣና የሰገነትን ቅርጫት ከፍቶ አየ። ተማሪ ሲያገኝ አማርኛ መናገር ደስ ይለዋል፤ ብቻ በእሱ አማርኛ ወንድም ሴትም «አንተ» ነው።

«ሰገነት፣ አንተ በምንድን ነው የጠራኸው ይሄን ሁሉ?»

«በትል ነው አቶ ዳልጮ።»

«ትል አንጁሎም ይዟል። ትል ሁሉም ይዟል።»

«ብርብራ ነስንሳ ነው!» አለ አንጁሎ።

ቃሉ ሲወጣ ልጆቹ ሁሉ ወደ ሰገነት ዞሩ። አቶ ዳልጮ አንዱን ቆሮሶ አንስቶ ከንፈሩን ገለጠና መንጠቆው የበሳውን ቦታ ፈለገ። አገኘው፤ ግን ፊቱ አልበራም። ትንሽ ብርብራ ያደነዘዘው ዓሣም መንጠቆ ይጎርሳል።

ሣራ ከተቀመጠችበት ተነሣች። «እኔ ምስክር ነኝ! ሁልጊዜ አብሬያት ነኝ። ከትል ሌላ ምንም የላትም፤ ከዋሸሁ እኔን አባሩኝ!»

ሰገነት መሬት መሬቱን አየች። አቶ ዳልጮ ግን የሚያየው እሷን ነበር።

«እሺ» አለ በመጨረሻ። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። የሚቀጥለው ሳምንት እሁድ ከጸሎት በኋላ እዚህ ና፣ በምን እንደጠራኸው አሳየኝ። ካላሳየኸኝ አጥሬን አጥራለሁ። ለሁሉም ነው የማጥረው።»

ወደ ቤት ሲመለሱ ሣራ ቅርጫቱን በአንድ በኩል ይዛ ሄደች።

«ሌላ ነገር አለ እንዴ?» አለች ድንገት።

«ምን ሌላ ነገር?»

«እኔ ምን አውቄ? ስትጠየቂ መሬት አየሽ።»

«የለም አልኩሽ እኮ።»

ሣራ ቅርጫቱን ቀስ ብላ አስቀመጠች። «ካለም ዛሬ ንገሪኝ። ሰው ፊት ወጥቼ ከተናገርኩ በኋላ ሳይሆን ቀድመሽ ብትነግሪኝ ጥሩ ነበር፤ አሁን ግን ዛሬም ይበቃኛል።» ይህን ብላ ወደ ቤቷ ታጠፈች። ሰገነት ዓሣውን ብቻዋን ተሸክማ ገባች፤ እናቷ በሚያቃጥለው የቃሪያ ዳጣ ሲያቀርቡላትም አልወረደላትም።

በሳምንቱ ውስጥ የማታስበው ውሸት አልነበረም። ከጎርፉ ቦይ ሥር የሚገኝ ልዩ ትል ነው ብትልስ? ዘንጉን በአንድ ቅጠል አሽቼው ነው ብትልስ? ግን አቶ ዳልጮ «አሳየኝ» ነው ያለው፤ ዓሣ ደግሞ ለውሸት አይመጣም። ኩሬውስ ቢታጠር? ገና ያላወቀችው ስንት ነገር አለ። አምባዛው የት ነው የሚተኛው? ውሃው ሲደፈርስ ቆሮሶዎቹ ለምን ይጠግባሉ? ይህን ሁሉ ከእሾህ አጥር ውጭ ቆማ አታገኘውም። ሣራም እንደ ድሮዋ አልሆነችም፤ ክፍል ውስጥ ሰላም ብላት ታልፋለች።

እሁድ ጸሎት እንዳበቃ ሰገነት ከሰው ቀድማ ወጣችና እትዬ የማርያምወርቅ ጓሮ ደረሰች።

«በሰንበትም?» አሉ ሴትዮዋ።

«ዛሬ ግድ ሆኖብኝ ነው።»

ሙሉውን ቅል ታቅፋ ወደ መንገዱ ስትወጣ ቆመች። በግራ የእንሰቱ ጓሮ አለ፤ ቅጠሉ ሰው ይውጣል፣ ቀጥ ብሎ ኩሬው ጋ ያወጣል። በቀኝ ያለው መንገድ በጸሎት ቤቱ ደጅ ነው የሚያልፈው፤ ሰው አሁን እዚያ ቆሞ እጅ ይጨባበጣል። በግራ ብትሄድ ለአቶ ዳልጮ አሳይታ ትገላገል ነበር። ግን ማዶ የሚቀመጡት ልጆች ያዩትን ወሬ ፀሐይ ሳትጠልቅ አባቷ ጆሮ ያደርሱታል። አባቷ ደግሞ ከባዳቾ አፍ፣ ከአንጁሎ አፍ ሊሰሙ ነው። ያ ከማንኛውም ቁጣ ይልቅ አስፈራት። ወደ ቀኝ ታጠፈች።

መጀመሪያ ያሸተቱት አቶ ባዳቾ ነበሩ። አፍንጫቸውን ቀና አድርገው ዞሩ።

«ይቺን ሽታ አውቃታለሁ» አሉ።

ሳቁ ከአንዱ ወደ አንዱ ሲሄድ ወንጌላዊ ኤርካሎ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን በብብታቸው እንደያዙ ከሰው መሐል ወጡ። ቅሉን አዩ፤ ልጃቸውን አዩ።

«ምንድን ነው የያዝሽው?»

«አተላ ነው አባባ።» ቅሉን ከፍ አድርጋ አሳየቻቸው። «ከእትዬ የማርያምወርቅ ቤት ነው። የዛሬ ብቻም አይደለም። ዓሣ የምጠራው በእሱ ነው።»

«ዓሣ ጠላ ይወዳል ነው የምትይኝ?»

«ጠላውን አላውቅም፤ አተላውን ይወዳል። ለምን እንደሆነ ገና አልደረስኩበትም።»

አንድ ሰው ፍርፍር ብሎ ሳቀ። አባቷ ግን አልሳቁም። «ለምን አልጠየቅሽኝም?» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«አይሆንም እንደምትለኝ ስለማውቅ ነው። ከዚያ ደግሞ ማወቅ ልተው ነው።»

ወንጌላዊ ኤርካሎ ጫማቸውን አዩ። ደጁ ላይ የቆመው ሰው ሁሉ፣ በተለይም ባዳቾ፣ የሚሉትን ይጠብቃል። «የሚመጣው እሁድ» አሉ በመጨረሻ፣ «ባዳቾ የቆመበት ቦታ ትቆሚያለሽ።»

«እሺ አባባ።»

«አይዞሽ» አሉ ባዳቾ፣ «ቦታዋን አሙቄልሻለሁ።»

ሰገነት ቅሉን አስተካክላ መንገዷን ቀጠለች። እሁድ ስትቆም ስለደበቀችው ይቅርታ ትጠይቃለች፤ ማወቅ ስለፈለገችው ግን አትጠይቅም። እዚያው መንገድ ላይ ቆረጠች።

ሣራ መታጠፊያው ላይ እየጠበቀቻት ነበር። ሁሉንም ሰምታለች። ቅሉን በአንድ በኩል ያዘች፤ አፍንጫዋን ግን ጨመደደች።

«ለዚህ ነው ሎሚ ሎሚ የምትሸቺው?»

«ይቅርታ ሣራ።»

«ሌላ ጊዜ ዓሣዎቹ ሳያውቁ በፊት እኔ ልወቅ።»

አቶ ዳልጮና ልጆቹ ኩሬው ዳር ቆመዋል። ሰገነት እጇን ቅሉ ውስጥ ከተተች፤ ሁሉም እያያት አተላውን ከኩሬው ጭቃ ጋር ለወሰች፣ አድበለበለች። አቶ ዳልጮ አንዱን እንክብል ተቀብሎ አሸተተና ዓይኖቹ ፈገግ አሉ። «ወይ ጉድ! ዓሣዬ ሰካራም ኖሯል» አለ። ሰገነት የቀረውን አንድ በአንድ ወረወረች። ውሃው ክብ ክብ እየሠራ ሰፋ፤ ከዚያ ረጋ። ምንም የለም። አንጁሎ ሊናገር አፉን ሲከፍት ሣራ በክርኗ ነካችው።

ከኋላ ሣሩ ሲንኮሻኮሽ ሰገነት ዞር አለች። አባቷ ናቸው። የእሁድ ኮታቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ ጭቃውን እያዩ፣ ከጎኗ ቁጢጥ አሉ። መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩና ውሃውን ትኩር ብለው ያዩ ጀመር። ገና እንደተቆጡ ናቸው፤ ከመንገጭላቸው ያስታውቃል። ብዙ አልቆዩም ግን፤ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አሉ።

«መቼ ነው የሚመጡት?» አሉ በሹክሹክታ።