የሽማግሌው መጥሪያ

ሽማግሌው አልጋቸው ጠርዝ ላይ በደረታቸው ተደፍተው ተገኙ። አንድ እጃቸው ወደ ወለሉ ተዘርግቷል። የአስም መድኃኒታቸው ወድቆ አልጋው ሥር ገብቷል። ሌላው እጃቸው የመጥሪያውን ቁልፍ እንደጨበጠ ቀርቷል።

«ትንፋሽ አጥሯቸው ነው» አለ ሐኪሙ። «አንድ የሚያቀብላቸው ሰው ቢኖር ይተርፉ ነበር።»

መርማሪዋ የተጨበጠውን እጅ አጎንብሳ አየችው። ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል፤ የገባችበትን ሳትወጋ አትወጣምና። የመጥሪያው ገመድ ጥግ ላይ ከተቀመጠ አሮጌ ኮምፒውተር ጋር ተያይዟል። ቁልፉ ሲጫን ኮምፒውተሩ በኢንተርኔት ወደ ቤተሰቡ ስልክ መልእክት ይልካል። ይህን የሠራላቸው የልጃቸው ባል፣ የኮምፒውተር ጠጋኙ ነው። ሬሳውን መጀመሪያ ያገኘውም እሱ ነው።

«ታዲያ ለምን ማንም አልደረሰላቸውም?» አለችው።

«መልእክቱ ስላልወጣ ነዋ!» ዓይኑ ደም ለብሷል። «የኔትወርክ መሰኪያው ሲቃጠል ይቺን ተሰኪ ዋይፋይ ገዛሁ። ኮምፒውተሩ በዊንዶውስ ሳይሆን በሊኑክስ ነው የሚሠራው፤ አምራቾቹ ደግሞ ለሊኑክስ ድራይቨር አልሠሩላትም። ያለ ድራይቨር ኮምፒውተሩና ዕቃው አይግባቡም። ሌሎች የጻፉትን አምጥቼ ላስማማ ስታገል ከረምኩ። ዛሬ ጠዋትም እምቢ አለኝ፤ ትቼው ወጣሁ። እኔ ነኝ የገደልኳቸው።»

«ከዚያ ወዲህ የነካው ሰው አለ?»

«ማንም። እንደተውኩት ነው።»

ምድር ቤት የሚኖሩት የሟች ታናሽ ወንድም ግን ሌላ ታሪክ ነበራቸው።

«ወንድም ጋሼን የበላው ይኸው አማች ነው! ለቤቱ ቋምጦ!»

«እርስዎስ ምንም አልሰሙም?»

«ጆሮዬ ከከዳኝ ቆየ፣ ልጄ። መብራቱም ረፋዱን ጠፍቶ እኩለ ቀን ላይ ነው የመጣው። ያ ኮምፒውተር እንደ እኔው ጃጅቷል፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ተነሥቶ የድሮ ቀን ያወራል። ወንድም ጋሼ ‹ዛሬም ወጣት ሆንኩ› እያለ ይስቅበት ነበር።»

መርማሪዋ የሟችን ልጅ ወጥ ቤት አገኘቻት። ነጭ የፋርማሲ ካፖርቷን አላወለቀችም። የምትሠራበት ፋርማሲ ከመንገዱ ማዶ ነው።

«አባትሽን የምታስታምሚው አንቺ ነሽ?»

«ሌላ ማን አለ?» አለች፤ ከዚያ ድምጿ ተሰበረ። «አባዬ... አሁንም አሁንም ቁልፉን እየተጫነ፣ ሰሚ አጥቶ ሞተ!»

መርማሪዋ ወደ መኝታ ክፍሉ ተመለሰች። የኮምፒውተሩን ስክሪን ጥግ አየች፤ የእጅ ሰዓቷን አየች። ጥቂት ቆማ ሦስቱንም ሳሎን ጠራቻቸው።

«ኮምፒውተሩ መብራት ሲጠፋ ቀኑን ይረሳል» ብላ ወደ ባልየው ዞራ ጀመረች። «ትክክለኛውን የሚያገኘው ከኢንተርኔት ብቻ ነው። አሁን ግን ቀኑም ሰዓቱም ልክ ነው። ስለዚህ እኩለ ቀን ላይ መብራቱ ሲመጣ ዋይፋይዋ ትሠራ ነበር። ድራይቨሩን አስማምተኸዋል፤ ያጠፋኸው ሬሳውን ካገኘህ በኋላ ነው።»

«አላልኩም ነበር?» ብለው አጎትየው ብድግ አሉ።

«ይቀመጡ፣ አባቴ። ሰው ያልሆነለትን ሆነልኝ ብሎ ይዋሻል። የሆነለትን አልሆነልኝም የሚለው ምን ሊደብቅ ነው? ራሱን ሊያድን ቢሆን ‹እኔ ነኝ የገደልኳቸው› አይልም ነበር።» ወደ ልጅየዋ ዞረች። «ቁልፉ ድምፅ የለውም። ስንቴ እንደተጫኑት የሚያውቅ ጥሪው የደረሰው ሰው ነው። አንቺ ደጋግመው መጫናቸውን ነገርሽኝ።»

«ዝም በይ!» አላት ባሏ።

ዝም አላለችም። «ጠዋት ሲሳካለት ለሙከራ ላከልኝ። ‹በይ አሁን ትንሽ ታርፊያለሽ› አለኝ፤ እንደ ልጅ ፈንድቆ። ከሰዓት አባዬ ጠራኝ። ሁልጊዜ ትራስ አስተካክዪ፣ መጋረጃ ክፈቺ ነው... ደክሞኝ ነበር። ስልኩን ደፍቼ አስቀመጥኩት። ነዘረ፤ ደግሞ ነዘረ። ሲያቆም ተኛልኝ ብዬ ደስ አለኝ።»

ሁለት እጇን አጣምራ ዘረጋች። «እሰሩኝ።»

መርማሪዋ አንገቷን በእምቢታ ነቀነቀች። «ያንቺን ነገር ዐቃቤ ሕግ ያየዋል። ምን ብሎ እንደሚከስሽ አላውቅም፤ ምናልባት ምንም። ማስረጃ ማጥፋት ግን ወንጀል ነው።»

ካቴናው የገባው በባሏ እጅ ላይ ነው። በሩ ላይ ሲደርስ ዞር አለ። «ብቻሽን እንዳታድሪ፤ አጎትሽ ጋ ውረጂ።»

አጎትየው ከሁሉም ቀድመው ወርደው ነበር። የምድር ቤቱ በር ከውስጥ ሲቀረቀር እላይ ድረስ ተሰማ።