ሁለት ጭልፋ

«ይሄ ተከተፈ ይባላል?»

እቴቴ ድንቅነሽ ከነኢማ መክተፊያ ላይ አንድ የሽንኩርት ቁራጭ በሁለት ጣታቸው አንስተው ለግቢው ሴት ሁሉ አሳዩ። ነኢማ አንገቷን ደፋች። አጠገቧ ቁጭ ብላ ነጭ ሽንኩርት የምትልጠው ርሆቦትም ቀና አላለችም። ቀና ብትል ፊቷ ላይ ያለው ነገር ይነበብባት ነበር።

እቴቴ ድንቅነሽ የርሆቦት እናት ታላቅ እህት ናቸው። ከአስኮ በማለዳ የመጡት «ድግሱን ላቃና» ብለው ነው። ከመጡ ወዲህ አንድ ሽንኩርት አልላጡም፤ አንድ ሳህን አላጠቡም። ሥራቸው ጭልፋ ይዞ መዞር ነው። ድስት ይከፍታሉ፣ መዳፋቸው ላይ ጠብ አድርገው ይልሳሉ፣ ፊታቸውን ይቋጥራሉ፣ ከዚያ ከንጋት ጀምሮ ጭስ ሲበላት የዋለችውን ሴት «እናንተ ቤት ጨው የሚባል ነገር አልገባም?» ይሏታል። ወጡ ከተመሰገነ ግን ወጡ የሳቸው ነው። በዘመድ አዝማዱ ዘንድ ባለሙያ የሚል ስም ያወጡትም በዚሁ መንገድ ነው። ሙያ በልብ ነው ሲባል ሰምተው አያውቁም መሰለኝ፤ የሳቸው ሙያ ያለው ምላሳቸው ላይ ነው፣ ያ ምላስ ደግሞ ጤፍ ይቆላል።

ድግሱ የርሆቦት ወንድም የብሩኬ ምርቃት ነው። ግቢው ውስጥ ድንኳን ተጥሏል፤ ከጓዳው ጀርባ ትልልቁ ድስት ሁሉ ተጥዷል። ነኢማ ግን ከዚያ ሁሉ ድስት ራቅ ብላ፣ የርሆቦትንና የነኢማን ቤተሰብ ግቢ በሚለየው የቆርቆሮ አጥር ሥር ለብቻዋ ከሰል አያይዛለች። ድስቱ ከቤቷ የመጣ ነው፤ ቢላዋውም፣ ማማሰያውም፣ ጭልፋውም እንደዚሁ። ሥጋው ከሙስሊም ሥጋ ቤት ተገዝቷል። ሰፈሩ እንዲህ ነው የሚኖረው። ክርስቲያኑ ሲደግስ ለሙስሊም ጎረቤቱ ለብቻ ያሠራል፣ ሙስሊሙም ሲደግስ ለክርስቲያኑ እንዲሁ ያደርጋል፤ አንዱ የሌላውን እርድ ስለማይበላ። ይህን የሚያስረዳ ሰው አያስፈልግም፤ ሕፃን ልጅ እንኳ የቱ ድስት የማን እንደሆነ ያውቃል።

የነኢማ አባት ጋሽ ሀያቱ ኮልፌ ገበያ ፍራሽ ይሸጣሉ። ሰው የማያስቀይሙ፣ ግን ጠንቃቃ ሰው ናቸው። የክርስቲያን ድግስ ሲጠሩ ይሄዳሉ፣ አንድ ለስላሳ ይጠጣሉ፣ ይመርቃሉ፤ «ለእናንተ ለብቻ ተሠርቷል» ቢባሉም «ጠግቤያለሁ፣ ይስጥልኝ» ብለው ይነሣሉ። የሚበሉት እዚህ ቤት ብቻ ነው። እዚህ ድስቱን የምትይዘው ባለቤታቸው ሰዓዳ ናት፤ የርሆቦት እናት ደግሞ አንድም ሰው ወደ ድስቱ እንዳይጠጋ ትጠብቅላታለች። ዘንድሮ ግን ሰዓዳ ለለቅሶ ወራቤ ሄዳለች። ለዚህ ነው ነኢማ «እኔ እሠራዋለሁ» ያለችው። ዕድሜዋ አሥራ አምስት ነው፣ ከእንቁላል ፍርፍር በላይ ለእንግዳ ሠርታ አታውቅም። ሳምንቱን ሙሉ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ስለዚህ ወጥ ብቻ ስታወራ ርሆቦት ጆሮዋ ደንቁሯል።

ወጡም ወጥ ሆነ። ሽንኩርቱ በቀስታ በስሎ፣ በርበሬው ሳያር ሥጋውን ይዞ፣ እኩለ ቀን ሲቃረብ ቅቤው ከላይ ተንሳፈፈ። ትንሽ ቀጠን ማለቱ አልቀረም። ነኢማ በራሷ ጭልፋ ቀምሳ ዓይኗን ጨፈነች።

«ነፍስ ነው» አለች። «ሙድ እንዳትይዢብኝ ግን፣ የእውነት ነፍስ ነው።» ከዚያ ልብሷን ልትቀይር ወደ ቤቷ ስትሄድ ዞር ብላ «ድስቱን አደራ» አለች።

ርሆቦት አደራውን ተቀበለች። ብዙም ሳትቆይ እቴቴ ድንቅነሽ ከጓዳ በር ሆነው ጠሯት፤ የዳቦው ትሪ ድንኳን ውስጥ ቀርቷልና ታምጣ ተባለች። ሌላ ልጅ ላኩ ማለት አልቻለችም፤ እሳቸውን እንዲህ ብሎ የዳነ የለም። ሮጣ ሄደች። ትሪውን ይዛ ስትመለስ እቴቴ ድንቅነሽ ከነኢማ ድስት በላይ ጎንበስ ብለዋል፤ በእጃቸው ያለውን ጭልፋ ገለበጡት። ከዚያ ወደ ዶሮው ወጥ ተመልሰው ሞሉት፣ መጥተው ደገሙት። ክንዳቸውን ከፍ አድርገው ነበር የሚያፈሱት፣ ጭልፋቸው የነኢማን ድስት እንዳይነካ።

«እቴቴ፣ ያ የዶሮው ጭልፋ ነው» አለች ርሆቦት። ድምጿ ቀጭን ሆኖ ወጣ።

«ታዲያስ? ውሃ ሆኖ አገኘሁት። እኔ ባለሁበት ድግስ ውሃ አይቀርብም።»

«ክርስቲያን ያረደው ዶሮ ነው። አይበሉትም።»

«ዶሮ መች ጨመርኩ? ቁሌት ነው እንጂ» አሉ እቴቴ ድንቅነሽ፣ ጭልፋውን በጨርቅ እየጠረጉ። ዶሮው ከጠዋት ጀምሮ የተቀቀለበት ቁሌት መሆኑን ለሳቸው የሚነግር አያስፈልግም ነበር። «አሁን ወጥ ሆነላቸው። ያመስግኑኝ።»

ርሆቦት ድስቱን አየች፣ ጭልፋውን አየች። አንድ ነገር ከነከናት።

«የነኢማን ወጥ ቀምሰውት ነው ውሃ ያሉት?»

እቴቴ ድንቅነሽ የተሰደቡ ያህል ቀና አሉ። «እኔ? የእስላም ሥጋ ልቀምስ?» ብለው አማተቡ።

እስከዚያ ሰዓት ድረስ ርሆቦት አክስቷን ትጠላቸው ነበር። የሚጠሉትን ሰው ይፈሩታል፤ እሷም ትፈራቸው ነበር። አሁን ግን ናቀቻቸው፣ ፍርሃቱም ተነሣላት። ሴትዮዋ ሕጉን አሳምረው ያውቁታል። ለራሳቸው ሲሆን አንዲት ጠብታ በምላሳቸው አያስነኩም፣ ጭልፋቸው እንኳ እንዳይነካባቸው ክንዳቸውን ይሰቅላሉ። ለጋሽ ሀያቱ ሲሆን ግን «ቁሌት ነው እንጂ» ይላሉ። ያን ሁሉ ያደረጉትም የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ወጥ ቀጥኖ ስማቸው እንዳይጎድል ብለው ነው። ከዚህ የባሰ ትንሽነት ርሆቦት በሕይወቷ አላየችም።

እናቷን ጓዳ ውስጥ አገኘቻትና በጆሮዋ ነገረቻት። እናቷ የያዘችው ሰፌድ ተንሸራቶ ሊወድቅባት ነበር። በሩን አየች፣ ድንኳኑን አየች፣ ከዚያ እህቷን አየች። እቴቴ ድንቅነሽ ያሳደጓት ናቸው፤ ከርሆቦት እናት አፍ በሳቸው ላይ ክፉ ቃል ወጥቶ አያውቅም። ያም ሆኖ ይብሉት አላለችም። ትላለች ብላ ርሆቦት ፈርታ ነበር።

«አረረ በያቸው» አለች እናቷ በመጨረሻ። «ለስላሳና ዳቦ እናቀርብላቸዋለን። ትናንት የሠራሽው ክሬም ካራሜልም አለ።»

«ወጡን የሠራችው ነኢማ ናት እኮ፣ እማ። አረረ ስል እሷን ነው የማዋርደው።»

«ልጅ ናት፣ ልጅ ያሳርራል። ማን ይቀየማታል? ይሄኛው ግን ሰው ያጣላል። ሆድ ይፍጀው በቃ።»

ርሆቦት እናቷን ትወዳታለች። ስለዚህ በዚያች ደቂቃ ፊቷን ላለማየት ዞር አለች፤ አክስቷን ያየችበት ዓይን በእናቷ ላይ እንዲያርፍ አልፈለገችም።

ድንኳኑ ሞልቷል። ብሩኬ ጋውኑን እንደለበሰ ከእንግዳ እንግዳ እየዞረ ይሳማል። ጋሽ ሀያቱ ዳር ካለው ጠረጴዛ ከሁለት ጓደኞቻቸው ጋር እጃቸውን ታጥበው ተቀምጠዋል። አንደኛው ሙሐዲን የሚባሉ፣ በገበያው ከሳቸው ፊት ለፊት ጨርቅ የሚሸጡ ሰው ናቸው። ነኢማ አዲስ ቀሚስ ለብሳ፣ ሳህኖቹን በየፊታቸው አስተካክላ ስትጨርስ ርሆቦትን አየቻትና ፈጠን ብላ መጣች።

«አባዬ ጓደኞቹን ‹የልጄን ወጥ ትበላላችሁ› ብሎ ነው ያመጣቸው» አለች በሹክሹክታ። «ሼም እንዳልሠራ ብቻ። ወጡስ? ባዶ እጅሽን ነው የመጣሽው?»

«ወጡማ…» አለች ርሆቦት።

የነኢማ ፊት ከሷ ቀድሞ ጠቆረ። «አረረ እንዴ?»

መልሱ ተዘጋጅቶ ቀርቦላታል፤ «አዎ» ብላ ራሷን መነቅነቅ ብቻ ነበር የሚቀራት። እሷ ሳትመልስ ጋሽ ሀያቱ ሰምተው ኖሮ ለልጃቸው አይዞሽ አሉ፣ የመጀመሪያ ወጥ የማያሳርር ማን አለ ብለው። ጋሽ ሙሐዲንም ሳቅ ብለው፣ የሚስታቸው የመጀመሪያ ወጥ ከነድስቱ መጣሉን ነገሯቸው። ነኢማ ግን አልሳቀችም። የሻሿን ጫፍ ይዛ መሬት መሬቱን ታያለች።

ያኔ እቴቴ ድንቅነሽ የዶሮውን ድስት አስይዘው ገቡ። የርሆቦት እናት ነግራቸው ይሁን ራሳቸው ገምተው፣ ነገሩ ወዲያው ገብቷቸዋል። ለመካከለኛው ጠረጴዛ እያወጡ፣ ሁሉም እንዲሰማቸው አድርገው አወሩ።

«ልጆቹ የጎረቤቶቻችንን ወጥ አሳረሩት። የዛሬ ልጅ ስልኩን ሲነካካ ድስት መች ያያል? እኔ ባልደርስ የኛም ያው ነበር።»

ጥቂት ሰዎች ሳቁ። ርሆቦት ወደ ጋሽ ሀያቱ ጠረጴዛ ሄዳ አጠገባቸው ጎንበስ አለች። ድምጿን ከፍ አላደረገችም፤ ግን ዝቅም አላደረገችውም።

«ጋሽ ሀያቱ፣ የነኢማ ወጥ አላረረም። አክስቴ የኛን የዶሮ ወጥ ሁለት ጭልፋ ጨምረውበት ነው። ድስቱን አደራ የተባልኩት እኔ ነኝ፣ ትቼው ሄድኩ።»

በአቅራቢያው ያሉት መብላት አቆሙ። አንዲት ሴትዮ ያነሣችውን ጉርሻ አፏ አላደረሰችውም። እቴቴ ድንቅነሽ ፈገግ ለማለት ሞከሩ፤ ሊያጣፍጡላቸው ብለው እንደሆነ፣ ጠብታ ቁሌት እንደሆነች፣ ልጅቷ እያካበደች እንደሆነ ተናገሩ። ማንም አላገዛቸውም። ያ ጤፍ የሚቆላው ምላስ ምጣዱ ቀዘቀዘበት።

ጋሽ ሀያቱ መጀመሪያ ያዩት ልጃቸውን ነው።

«ነኢማ» አሏት፣ «አላረረም።»

ነኢማ አንገቷን ቀና አደረገች፤ ዓይኗ እንባ ሞልቶታል። የርሆቦት እናት ክሬም ካራሜሉን በትሪ ይዛ መጣች። በወተት፣ በእንቁላልና በስኳር የተሠራ ነው፤ ማንም ሊበላው ይችላል። ጋሽ ሀያቱ በአክብሮት ከወንበራቸው ብድግ አሉላት።

«ጠግበናል፣ ይስጥልኝ» አሉ።

ርሆቦት ይህን ቃል ታውቀዋለች። በሌላ ሰው ቤት ነበር የሚሉት። እናቷም አወቀችው፤ ትሪውን እንደያዘች ቆማ ቀረች። ጋሽ ሀያቱ ብሩኬን አቅፈው መረቁት፣ የርሆቦትን አባት ተሰናበቱ፣ ጓደኞቻቸውንም ይዘው በዝግታ ወጡ።

ከጓዳው ጀርባ የነኢማ ድስት ከሰሉ ላይ እንደተጣደ ነበር። ወጡ አሁን የማንም አይደለም። ሙስሊሙ አይበላው፣ ክርስቲያኑ አይበላው፤ ታዋቂዋ ባለሙያ አሳምረው ለውሻ ሠርተውታል። ነኢማ መጥታ ድስቱን አወረደች። ርሆቦት አንዱን ጆሮ ልታግዛት ብትል ክንዷን ሸሸት አደረገች።

«አደራ ብዬሽ ነበር» አለች።

ርሆቦት ትሪውን ልታመጣ መላኳን ልትነግራት አስባ ተወችው። እውነት ቢሆንም ሰበብ ሰበብ ይሸታል። ነኢማ ድስቱን ይዛ በአጥሩ በር ወደ ግቢዋ ስትገባ ርሆቦትም ተከተለቻት። ከሳሎን የጋሽ ሙሐዲን ድምፅ ይሰማል። የተጠሩ እንግዶች ናቸው፣ ምሳ ሳይበሉ ተቀምጠዋል።

«ሽሮ አላችሁ?» አለች ርሆቦት።

ነኢማ መደርደሪያውን በአገጯ አሳየቻትና የወጡን ድስት ልታጥብ ወደ ቧንቧው ሄደች። ርሆቦት እጇን በሳሙና ታጠበች፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት አወጣች፣ በሌላ ድስት ዘይት አሞቀች። ነኢማ ስትመለስ ነጭ ሽንኩርቱን ተቀብላት መውቀጥ ጀመረች።

ሽሮው ሊፈላ ሲል የእናቷ ድምፅ ከቆርቆሮው ማዶ መጣ። «ርሆቦት! እቴቴ ተቀይመው ሊሄዱ ነው። ነይና ጉልበታቸውን ስመሽ ይቅርታ በያቸው።»

ነኢማ መውቀጧን አቁማ አየቻት። ርሆቦት እሳቱን አየች፣ ድስቱን አየች፣ ማማሰያውንም ከእጇ አላስቀመጠችም።

«ሽሮ ጥጃለሁ፣ እማ» አለች። «እንዳይጓጉልብኝ። በሰላም ይግቡ በይልኝ።»

ከዚያ ጎንበስ ብላ ማማሰሏን ቀጠለች።