ያልበረደችው ፍሬ

ጂን፣ ዛር፣ ጥላ ምናምን ሲባል እኔ ሳቄ ነው የሚቀድመኝ፣ እናቴ እንኳ «አንተን አንድ ቀን ያሳይህ» ትለኝ ነበር፣ አሳየኝ መሰለኝ። እመኑኝ፣ ይሄን የማወራው ጨዋታ አምሮኝ አይደለም፣ ባላወራው ደስ ይለኝ ነበር።

የምሠራው ኮምቦልቻ፣ አንድ የፕላስቲክ ፋብሪካ ውስጥ ነው። ለውሃ ታንከር የሚሆን ተንሳፋፊ ኳስ እንሠራለን፣ ኳሱ ሁለት ግማሽ ነው፣ አንዱ ከታች ይታሰራል፣ ሌላውን ማሽኑ ከላይ እያሾረ ይጫነዋል፣ ሲፋተጉ ይግሉና ቀልጠው ይጣበቃሉ፣ እሳት የለ፣ ማስቲሽ የለ። ዋናው ነገር መሾሩ ከቆመ በኋላ እስኪበርድ ሳይለቁ ተጭኖ መያዝ ነው። ይሄን ያስተማረኝ ሰይድ ነው፣ እሱ ሰዓት አያይም፣ ኪሱ ውስጥ ቢጫ መቁጠሪያውን በአውራ ጣቱ እያሸ ዚክሩን ይላል፣ ሲጨርስ ይለቃል፣ የሱ ኳስ ውሃ አስገብቶ አያውቅም። «ሙቀት ካለ የሚያሽ አለ፣ ወላሂ፣ በባዶ የሚሞቅ ነገር የለም» ይል ነበር።

ጦርነቱ የመጣ ጊዜ ሰይድ ሐርቡ ያሉ ዘመዶቼን ላውጣ ብሎ ሄደ፣ በዚያው ቀረ። ፋብሪካው «ሥራ የለቀቀ» ብሎ በቦታው እኔን ተካ፣ ሰው እንዲህ ነው የሚሸኘው። እናቱ እትዬ ዘሃራ ግን ደሴ፣ ሰኞ ገበያ፣ «ምልክት ሳላገኝ ለቅሶ አልቀመጥም» ብለው በራቸውን ገርበብ አድርገው ይጠብቃሉ፣ ከስተው አጥንታቸው ቀርቷል፣ ጎረቤቱ ሁሉ ምነው እርማቸውን ባወጡ ይላል።

ታዲያ አንድ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ከምሳ መልስ፣ ራሴ የገጠምኩትን ኳስ ሳነሳው ውስጡ ቀጭ አለ። ነቀነቅኩት፣ ቀጭ ቀጭ። ሁለቱም ግማሽ ባዶ መሆኑን በዚህ በዓይኔ አይቼ ነው ያሰርኩት። በመጋዝ ሰነጠቅኩት፣ አንዲት ቢጫ የመቁጠሪያ ፍሬ ዱብ አለች፣ ጎኗ ከመታሸት ብዛት የተላጠ፣ የሰይድ።

ፈራሁ፣ ግን ደስም አለኝ፣ ምልክቱ ተገኘ፣ እናትየው እርማቸውን ያወጣሉ አልኩ። በማግስቱ ሚኒባስ ተሳፍሬ ደሴ ወጣሁ፣ «እትዬ፣ የሰይድ ናት፣ እንግዲህ አላህ ያጽናዎት» ብዬ መዳፋቸው ላይ አኖርኩላቸው።

ጨበጧት፣ አላለቀሱም። «ትሞቃለች እኮ፣ ልጄ» አሉኝ።

«ከኪሴ ስለወጣች ነው፣ ትንሽ ይያዟት፣ ትበርዳለች።»

ያዟት። ሻይ ቀረበ፣ ሻዩ ቀዘቀዘ፣ የዙሁር አዛን ተባለ፣ መዳፋቸውን ሲከፍቱ ነካኋት። ትፋጃለች።

«ታዲያ ማነው የሚያሻት?» አሉኝ ቀስ ብለው።

ለቅሶው ቀረ፣ በሩን አሁን ሌሊትም አይዘጉትም። እርም ላስወጣ ሄጄ ተስፋ ጨምሬባቸው መጣሁ፣ ከዚህ የባሰ ጭካኔ አላውቅም። በየጁምዓው ይደውሉልኛል፣ «ዛሬም እንደሞቀች ናት» ይሉኛል፣ ሌላ ወሬ የለም። አንዳንዴ ስልኩ ሲጠራ ዝም ብዬ አየዋለሁ፣ የማላነሳው በረደች እንዳይሉኝ ፈርቼ ነው።