የሰው ወንፊት

«እንቁላል» የሚሏት መውረጃ ከዋሻው ወለል ላይ፣ ከኩሬው ዳር ስታርፍ እምሩ እንደ ወትሮው ጫማውን አውልቆ ከመቀመጫው ሥር ሸጎጠ። ዋሻ ውስጥ እንስሳ መኖሩን በድምፅ የሚያጣሩ አድማጮች ሁሉ እንዲህ ያደርጋሉ። ጫማ ድንጋይ ላይ ሲንኳኳ ሥራ ያበላሻል ይባላል፤ እምሩ ግን በልቡ ሌላም ምክንያት ነበረው። የሰው እጅ ያልሠራው ቤት በጫማ ሲረገጥ ደስ አይለውም።

«ጋሼ እምሩ፣ ዛሬም ላውልቅ?» አለች አብራው የወረደችው ዘይቱና።

«ካሻሽ አውልቂ። የሚያስገድድሽ የለም።»

«ኧረ አወልቃለሁ። በኋላ ‹ዓሣውን በጫማዋ ያባረረችው የግድቡ መሐንዲስ ናት› እንዳትሉኝ።»

ፈገግ አለ። ከዚህ በፊት አራት ዋሻ አብረው ወርደዋል። በአራቱም እየተከራከሩ ወርደው፣ «የለም» ብለው ወጥተዋል።

እንቁላሏ ሁለት ሰው የምትይዝ የመስታወት ክፍል ናት። በራሷ ሞተር ገመዷን እየተረተረች ትወርዳለች፣ እየጠቀለለች ትወጣለች። ስትወርድ ታዲያ እንደ ሸረሪት ከፀጉር የቀጠነ ክር እየፈተለች የዋሻውን ግድግዳ ታለብሰዋለች። ክሩ «ጆሮ» ይባላል። የሌሊት ወፍ ክንፏን ብታራግፍ፣ ጭቃ ውስጥ ትል ቢገላበጥ ይሰማል፤ የማን ድምፅ እንደሆነም ለይቶ ያውቃል።

መንግሥት የሸለቆውን ወንዝ ወደዚህ ዋሻ መልሶ ለድርቅ ጊዜ የውሃ ማከማቻ ሊያደርገው አቅዷል። የቀረው ጥያቄ አንድ ነው፤ ከበሬ ዓሣ እዚህ አለ ወይስ የለም? ከበሬ የዋሻ ኩሬ ዓሣ ነው፤ ነጭ ነው፤ ዓይን የለውም፤ ሆዱን እንደ ከበሮ ይመታል። የወንዝ ጭቃ ከገባበት ታፍኖ ያልቃል። ጆሮ «አለ» ካለ ወንዙ ባለበት ይፈሳል። «የለም» ካለ ከቀትር በኋላ የግድቡ በር ይከፈታል።

ከበሬ ሲሰማ የምትበራው የእንቁላሏ ትንሽ መብራት እንደጨለመች ቆየች። እምሩ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ከንፈሩን ቀስ እያንቀሳቀሰ፣ ጠበቀ። ሰዓቱ ሞላ።

«የለም» አለ። ለቅሶ ቤት እንዳለ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር።

«አዝናለሁ» አለች ዘይቱና። አላሾፈችበትም።

የመውጫውን ቁልፍ ተጫነ። ሞተሩ አጓራ፣ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተ፣ ዝም አለ።

«ይድገሙት እስቲ።»

ደገመው። በሦስተኛው ጭራሽ መልስ አልሰጠም።

ዘይቱና ወጥታ ሽቅብ አንጋጠጠች። የዋሻው አፍ ሳንቲም አክሎ ይታያል። ግድግዳው እንደ ጠርሙስ አንገት ወደ ውስጥ ያጋደለ ነው፤ ጦጣም አትወጣው። የእንቁላሏ ገመድም ቀጭን ሽቦ ስለሆነ አይጨበጥም። የታችኛው በር ደግሞ ለግድቡ ሲባል በኮንክሪት ተደፍኗል። ያስደፈነችው እሷ ናት።

«ግድየለም፣ ደርቤ ያወጣናል» አለች። ደርቤ ግድቡ ላይ ተረኛው ባልደረባቸው ነው።

«ደርቤ የሚያውቀው ጆሮ የነገረውን ብቻ ነው። እኛ ስናዳምጥ ማንም ወደ ዋሻው አፍ አይጠጋም፤ ሬዲዮም አንይዝም። ደንባችን ነው።»

«ይሁና! በሩ ከመከፈቱ በፊት ‹ዋሻው ውስጥ የቀረ ሰው አለ?› ብሎ ጆሮን ይጠይቃል። እኔው ነኝ የሠራሁት። እንጩህ! ደርቤ! ኧረ የሰው ያለህ!»

ጩኸቷ ዋሻውን ዞሮ ተመለሰ። እምሩ አልጮኸም። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ምነው?»

«ወንፊቱ» አለ።

ወንፊቱን ለጆሮ የሠራለት እሱ ነው። በፊት ግድብ የሚቃወመው በጥሩምባ የእንስሳ ድምፅ እያስመሰለ፣ ግድብ የሚፈልገው ቆርቆሮ እየደበደበ እንስሳ እያባረረ፣ የአድማጮቹን ሥራ መሳቂያ አድርገውት ነበር። እምሩ ተቀምጦ የሰውን ድምፅ አንድ በአንድ አስተማረው፤ ሳሉን፣ ሳቁን፣ ለቅሶውን፣ ማንኮራፋቱን፣ ድንጋይ መደብደቡን። ጆሮ ሰው የነካውን ድምፅ ሁሉ አንጓሎ ይጥላል።

«ታዲያ የእኔ በር ‹ሰው አለ?› ብሎ ሲጠይቀው...»

«‹የለም› ይለዋል። ደርቤ በእጁ ሊዘጋው አይችልም?»

«አይችልም።» ዘይቱና ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። «ባለሥልጣን በስልክ እያዘዘ እንዳያስከፍተው፣ ማንም እጁን እንዳያስገባበት አድርጌ ነው የሠራሁት። የሚዘጋው ጆሮ ‹ከበሬ አለ› ሲል ብቻ ነው። አይ እኔና እርስዎ! ሰው እንዳያጭበረብር ብለን ሰውን ከነጭራሹ አወጣነው።»

መሳቅ ጀምራ አልጨረሰችውም። ከሩቅ የሚያጉረመርም ነገር ተሰማ። ትንሽ ቆይቶ የእምሩን ባዶ እግር ቀዝቃዛ ነገር ነካው።

እንቁላሏ ጣሪያ ላይ እንውጣ ቢሉም መስታወቱ አንሸራተታቸው። ውሃው ቁርጭምጭሚታቸውን አልፎ ወደ ጉልበታቸው ሲመጣ ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። እምሩ በለሆሳስ የሚለውን ይላል።

«ጸሎትንም ያወጣዋል፣ ወንፊቱ?» አለች።

«ያወጣዋል። የእኔንም፣ የአንቺንም። የሚሰማው ጌታ ግን ወንፊት የለውም።»

«እንግዲያው እኔም ልጨምርበት።» መዳፎቿን ዘርግታ ቆየችና ፊቷን ዳበሰች። «እናቴ ብታየኝ ትቆጣኝ ነበር። ሰፈራችን ሳይነሣ ውሃ የምንቀዳው በታችኛው በር ገብተን ከዚህ ዋሻ ነበር። ሳንጣራ አንገባም። ‹ሰዎች ነን!› ይባላል፣ ከደጅ። ስንወጣ ደግሞ እፍኝ ቆሎ ውሃው ላይ እንበትናለን። ለማን ነው ስላት ‹ለባለቤቶቹ› ትለኛለች። ዛሬ ታዲያ እንደ ሌባ ድምፃችንን አጥፍተን ገባን።»

«በይ ጥሪያቸው» አለ እምሩ። «ቢያንስ ሰላም ሳንል አንሙት።»

ዘይቱና እጇን አፏ ዙሪያ አደረገች። «ሰዎች ነን!»

የሚያጉረመርመው ውሃ ብቻ መለሰላት። እምሩም አብሯት ጮኸ። «ሰዎች ነን!»

ዱብ።

መጀመሪያ የሰማው በጆሮው ሳይሆን በቅልጥሙ ነው። ከውሃው ሥር የሆነ ነገር እግሩን መታ አደረገው። ዱብ፣ ዱብ። ከግራ ሌላ መለሰ፤ ከጨለማው ወዲያ ደግሞ ሌላ። ያቺ ትንሽ መብራት ቦግ ብላ በራች።

ዘይቱና ክንዱን አንቃ ያዘችው። «ጋሼ፣ ቆሏቸውን ነው የሚጠይቁት!»

«አታቁሚ። ዝም ካልን ዝም ይላሉ።»

እየተፈራረቁ ጠሩ። እምሩ ከኪሱ ለምሳው የያዘውን ዳቦ ቆሎ አውጥቶ በተነ፤ ነጫጭ ጀርባዎች ውሃውን እየሰነጠቁ መጡ። የእነሱን ጩኸት ወንፊቱ ያወጣዋል፤ የመላሾቹን ግን ያሳልፈዋል። የሚያጉረመርመው ድምፅ እየራቀ ሄደ። ውሃው ወገባቸው ላይ ቆመ።

ከበሬ ከተገኘ አንድ ሰው መጥቶ በገዛ ጆሮው ሰምቶ መመስከር አለበት፤ ይኸም ደንባቸው ነው። ድምፃቸው ሊዘጋ ሲል ከላይ የደርቤ ራስ ብቅ አለ።

«ማነው እዚያ?»

«ሰዎች ነን!» አሉ ሁለቱም ባንድ አፍ።

ደርቤ ወደ ታች አጎንብሶ አፈጠጠ። «በስመ አብ! ማሽኑ እኮ ‹ዓሣ ብቻ› ነው የሚለኝ!»

በገመድ ሲጎተት እምሩ ደስ ሊለው ይገባ ነበር። እሱ ግን የሚያስበው «የለም» ብለው ውሃ ያስሞሏቸውን አራቱን ዋሻዎች ነበር። አጠገባቸው ሰፈር ነበረ። ሰው ይቀዳባቸው ነበር። እነሱ ግን ጫማቸውን አውልቀው፣ ትንፋሻቸውን ውጠው፣ ማንንም ሳይጣሩ ነበር የገቡት።

ወንዙ ባለበት እንዲፈስ ተወሰነ። በሳምንቱ እምሩና ዘይቱና ከአራቱ መጀመሪያ ወደተሞላው ዋሻ ሄዱ። ክርም መብራትም አልያዙም። ውሃው እስከ አፉ ደርሶ፣ ደፍርሶ፣ ተኝቷል። እምሩ ከልማዱ ጫማውን አውልቆ ዳር ላይ ተንበረከከ።

«ሰዎች ነን» አለ፣ ጮክ ብሎ።

ዘይቱና ከሻርፗ ጫፍ የቋጠረችውን የገብስ ቆሎ ፈትታ በተነች። ሁለቱም ጎንበስ ብለው በባዶ ጆሯቸው አዳመጡ። ደግሞ ተጣሩ።

ቆሎው ተንሳፎ ቆየ።