እሁድ እሁድ የሚጠፋ ቦይለር

ዳኛቸው አፀደን መጀመሪያ ያያት በደረቱ ተኝቶ፣ ፊቱ ጥላሸት ለብሶ፣ አንገቱን የቤት ማሞቂያ ቦይለር ሥር ቀብሮ ሳለ ነው። ከቆንጆ ልጅ ጋር እንዲህ ሆኖ መተዋወቅ አይመከርም፤ እሱ ግን ምርጫ አልነበረውም። በፈረንጆቹ 1985፣ አትላንታ ውስጥ የቧንቧ ውሃ ሳይቀር የጋገረበት ክረምት ነበር። አፀደ ኮንየርስ ከተማ አንድ መጋዘን ውስጥ ትሠራለች፤ ከእናቷ ከእማማ ብዙነሽ ጋር ቡፎርድ ሃይዌይ የሚሉት አውራ መንገድ አጠገብ አሮጌ ቤት ተከራይታለች። እሱ ማሞቂያ ጠጋኝ ነው።

«ፓይለቱ ነው የጠፋው» አላት። «ይቺ ትንሽ ነበልባል ካልነደደች ትልቁ እሳት አይነሳም።»

ለኮሰላትና ቤቱ ሞቀ። በሚቀጥለው እሁድ ከሰዓት ግን እንደገና ጠፋ ብላ ደወለች። ነበልባሏን የምትጠብቀውን ዘንግ በአዲስ ቀየረ። በሦስተኛው እሁድም ጠፋ፤ ጭስ ማውጫውን ጠረገ፣ ንፋስ የሚያስገባውን ሽንቁር ደፈነ። እውነቱን ለመናገር፣ የሠራው ሥራ ሲበላሽበት ደስ የሚለው ጠጋኝ ካለ ዳኛቸው ነው። ሳምንቱን ሙሉ የሚጠብቀው ያቺን የእሁድ ስልክ ሆነ።

ደስታውን የሚያደፈርስበት ብርሃኑ ነበር። ብርሃኑ ከቦይለሩ አጠገብ ባለችው የምድር ቤት ክፍል የሚኖር፣ ቁመቱ ዘለግ ያለ፣ ጨዋታ አዋቂ ተከራይ ነው። መኪና ስላለው እሁድ እሁድ እናትና ልጅን ቅዳሴ ያደርሳል። የኤሌክትሪክ ሂተርም ስላለው ቦይለሩ በጠፋ ቁጥር ሁለቱም እሱ ክፍል ገብተው ይሞቃሉ። ዳኛቸው ይህን ሲሰማ ቅናት ያዘው። ይባስ ብሎ አፀደ ሻይ ይዛ ስትወርድ እሱን «ስኳር ስንት ላድርግልህ?» ትለዋለች፤ ለብርሃኑ ግን ሳትጠይቅ ሦስት ማንኪያ ትጨምርለታለች። ያቺ ሦስተኛዋ ማንኪያ እንቅልፍ ነሳችው።

በአራተኛው እሁድ ስልኩን መጠበቅ አቅቶት ሳይጠራ ሄደ። ከቤተ ክርስቲያን ገና መመለሳቸው ነበር። ምድር ቤት ሲወርድ የጋዙ ቁልፍ ተዘግቶ አገኘው። ፓይለት በንፋስ ሊጠፋ ይችላል፤ ቁልፉን ግን ራሱ አይዘጋም። ታዲያ ማን ዘጋው? ቤቱ ሲቀዘቅዝ የሚጠቀመው ማን ነው? ያልጠረጠረ ተመነጠረ አለ በሆዱ።

«አፀደ፣ ይሄ ቦይለር አልተበላሸም» አላት ሻይ ይዛ ስትወርድ፣ ብርሃኑ እየሰማ። «ሰው ነው የሚዘጋው። ማን እንደሆነ ሂተር ያለውን ጠይቂ።»

ብርሃኑ የሻይ ኩባያውን አስቀምጦ ወጣ።

«ሰው ቤት ገብተህ ሰው ታዋርዳለህ?» አለችው አፀደ።

ስለምወድሽ ነው ሊላት ነበር። ከአፉ የወጣው ግን ሌላ ሆነ። «ስኳሩን እንኳ ሳትጠይቂ ታውቂለታለሽ...»

«ዕቃህን ሰብስብ። ሁለተኛ እንዳትመጣ።»

ሳምንቱ አልገፋ አለው። ዱሉዝ ከተማ ለሥራ ተልኮ የአንዲት ፈረንጅ ቦይለር ጠግኖ ጋዙን ሳይከፍትላት ተመለሰ። አሁን ማን ይለኩስላታል እያለ ያስባል፤ መልሱ ደግሞ ብርሃኑ ነው። እሁድ ማለዳ እጅ ከፍንጅ ልይዘው ብሎ መኪናውን ራቅ አድርጎ አቆመ። ብርሃኑ ግን ደጅ መኪና እያሞቀ ነበር፤ አፀደም ከኋላ ተቀምጣለች። ዳኛቸው በጓሮ ዞሮ በምድር ቤቱ መስኮት አጮለቀ።

እማማ ብዙነሽ ነጠላቸውን ለብሰው ቦይለሩ ላይ ጎንበስ ብለዋል። ቁልፉን ጠምዝዘው ዘጉት፣ አማተቡና በጓሮ በር ሲወጡ ከእሱ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ።

«እማማ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«እሳቱን እያጠፋሁ ነዋ» አሉት ረጋ ብለው። «ሰው በሌለበት ቤት እሳት ጥሎ ይወጣል እንዴ ልጄ? የሰው ቤት ነው፤ ቢቃጠል ምን ይውጠናል?»

ዳኛቸው መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። እናቷ ሲዘገዩባት አፀደ መጣች፤ አየችውና ቆመች። እማማ ወደ መኪናው ሄዱ።

«ይቅር በይኝ» አላት። «እሳቸው መሆናቸውን አንቺም አላወቅሽም...»

«አውቅ ነበር» አለች። «ከሁለተኛው እሁድ ጀምሮ። አንተ ከመድረስህ በፊት ቁልፉን መልሼ የምከፍተው እኔ ነኝ። ያን ቀን ሳትጠራ መጥተህ ቀደምከኝ።»

«ለምን?»

«ብነግርህ መምጣት ትተዋለህ ብዬ ነዋ።» ዓይኗ እንባ አቀረረ። «እኔ አንተን እጠብቃለሁ፤ አንተ የሰው ስኳር ትቆጥራለህ።»

ዳኛቸው ዞሮ ወደ ምድር ቤቱ መስኮት ተመለከተ።

«ቦይለሩ ደህና ነው» አለችው። «ከእንግዲህ ምን ልትሠራ ትመጣለህ?»

«ሽማግሌ እልካለሁ።»

«ከሽማግሌዎቹ አንዱ ብርሃኑ ከሆነ» አለችና ሄደች።

በዚያ ዘመን የአትላንታ ሐበሻ ገና ወጣት ነበርና ሽማግሌ እንደ ልብ አይገኝም፤ ብርሃኑ መባሉ ግን ለዚያ እንዳልሆነ ዳኛቸው ገብቶታል። ከቅዳሴ ሲመለሱ ጠብቆ ብርሃኑ እግር ሥር ወደቀ። ብርሃኑ እስኪበቃው አስተኛውና፣ «ለሽምግልና የሚሆን ኮት የለኝም» አለው። ዳኛቸው ያለችውን አንዲት ኮት ሰጠው።

ቅዳሜ ከሰዓት ብርሃኑ ከሁለት ሰዎች ጋር ኮቷን ለብሶ እማማ ብዙነሽ ዘንድ ገባ። ዳኛቸው መኪና ውስጥ በሸሚዝ እየተንቀጠቀጠ ቀረ። ግማሽ ሰዓት አለፈ፣ አንድ ሰዓት ሞላ። ኮቷ እንዴት እንዳማረችበት እያሰበ አዲስ ሐሳብ ሰነጠቀው፤ ብርሃኑ ለራሱ ቢጠይቅስ?

ብርሃኑ ወጥቶ የመኪናውን በር ከፈተ።

«እናትየው ልጄን ሰጥቻለሁ ብለዋል።»

«ለማን?» አለ ዳኛቸው።

ብርሃኑ ሳቁን መያዝ አቃተው። «ለአንተ ነዋ፣ አንተ ቅናታም!»

ዳኛቸው መሪው ላይ ተደፍቶ አለቀሰ።