የጭጭ ትራክ

«ባክሽ ደምስሺው! ከዚህ ድምፅ ጋር ስትታገዪ ልናድር ነው እንዴ?»

ይህን ያለችው ደወል ናት፤ የትምህርት ቤቱ የሙዚቃ ክበብ ድምፃዊት፣ ሳቋ እንኳ ግድግዳ አልፎ የሚሰማ። ኮምፒውተሩ ፊት የተቀመጠችው ደግሞ የልብ ጓደኛዋ ናት። የክበቡን ዘፈኖች የምታቀናብረው እሷ ስለሆነች «ጆሮ» ይሏታል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ቢባልም፣ የእሷ እስካሁን አሳፍሯት አያውቅም።

ዛሬ ግን ነገሩ ጠነከረባት። ዘፈኑ ነገ ጠዋት ሰልፍ ላይ ለመላው ተማሪ ይለቀቃል። የመጨረሻው አንጓ የጭጭ ነው። ግጥሙን ከዳር እስከ ዳር የጻፈችው ይህች ዝምተኛ ልጅ ናት፤ ለመዝፈንም እሺ ያለችው በስንት ልመና ነው። ትናንት የተቀዳው ድምፅዋ ግን ጭራሽ አይሰማም። ጆሮ ከፍ ስታደርገው የክፍሉ ቬንቲሌተርም አብሮ ከፍ ይላል፤ ዘፋኙ ቬንቲሌተሩ፣ አጃቢዋ ጭጭ ሆነው ቁጭ! እንደገና እንዳይቀዷት ደግሞ ጉንፋን ጥሏት ከቤት አልወጣችም።

«ማይኩ ፊት ስትንሾካሾክ ነበር አልኩሽ እኮ» አለች ደወል። ትናንት የቀዳቻት እሷ ነበረች። «እኔ ልዝፈንላት፤ ባንዴ ጨርሰን ወደ ቤታችን።»

ጆሮ እሺ ልትል ምንም አልቀራትም። ደክሟታል፣ እርቧታል። ግን እልህ ያዛት። ማዳመጫውን አጠለቀችና የጭጭ ድምፅ የተቀዳበትን ትራክ ከመነሻው፣ ዘፈኑ ሳይጀምር ካለው ባዶ ቦታ፣ የመጨረሻውን ያህል ከፍ አድርጋ ከፈተችው።

ቬንቲሌተር። የወንበር ሲጢጥታ። ከዚያ በሩቁ የደወል ድምፅ፦ «ማይኩን ትንሽ ልቀንሰው፣ እንዳይጮህብሽ።»

«ይሰማል ግን?» አለች ጭጭ።

«ይሰማል ባክሽ! አንቺ ብቻ ዝፈኚ።»

ጆሮ የማዳመጫውን ገመድ ነቅላ ንግግሩን ከመነሻው ደገመችው። ድምፁ ክፍሉን ሞላው። ደወል ማስቲካ ማኘኳን አቆመች።

«ቀልዴን እኮ ነው» አለች። ከዚያ ብሶቷ ገነፈለ። «መጨረሻው የኔ መሆን ነበረበት! ሰው የሚያስታውሰው መጨረሻውን ነው።»

ጆሮ ተናደደች፤ ከመናደዷም ይልቅ አዘነች። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ የተጋራቻት ልጅ ዓይኗን በጨው አጥባ ስትዋሻት መዋሏ አንገበገባት።

«ለጭጭ ልትነግሪያት ነው?» አለች ደወል።

«መጀመሪያ ሥራዬን ልጨርስ።»

ጆሮ፣ ጭጭ በማትዘፍንበት ቦታ ሁሉ የቬንቲሌተሩን ድምፅ እየቆረጠች አወጣችው። ከሥር የሚያጉረመርመውንም ቀነሰች። ድምፁ ጠራ፤ ግን አሁንም ከበሮውና ጊታሩ ይውጡታል። ይበልጥ ከፍ ልታደርገው እጇን ሰደደችና ተወችው። ይልቅ ሌሎቹን ዝቅ ታደርግ ጀመር። ከበሮውን፣ ጊታሩን፣ በመጨረሻም ከኋላ የሚያጅበውን የደወልን ድምፅ።

«የኔን ቀነስሽው!»

«የሁሉንም ነው የቀነስኩት። ሲያልቅ አንድ ላይ እናነሳዋለን።»

የጭጭ ድምፅ ከስፒከሩ ወጣ። ሻከር ይላል፤ ከቃሉ በፊት የሳበችው ትንፋሽ ሳይቀር ይሰማል። ደወል አንጓው እስኪያልቅ ቆማ አዳመጠች።

«እሷ ናት እንዴ?» አለች ቀስ ብላ።

«እሷ ናት።» ጆሮ የትናንቱን ንግግር ከትራኩ ቆርጣ አወጣችው። «ይሄ ዘፈኑ ውስጥ አይኖርም። ለእሷ ግን ዛሬውኑ ትነግሪያታለሽ። አለበለዚያ እኔ እነግራታለሁ።»

«ትጣላኛለች እኮ!»

«ልትጣላሽ ትችላለች።»

ደወል ስልኳን ይዛ ወደ ኮሪደሩ ወጣች። በሩ ገርበብ እንዳለ ቀረ።

«ሄሎ… እኔ ነኝ» ስትል ተሰማ።

ጆሮ አንገቷ ሳታስበው ወደ በሩ ዞረ። ገመዱን መልሳ ሰካች፤ ማዳመጫውን አጠለቀችና ፊቷን ወደ ኮምፒውተሩ መለሰች።